የሐረር ቡናና ደንበኛው

ስለ ሐረር ሲወራ በብዙ ሰው አሳብ ቀድሞ የሚመጣው፥ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ከሰው እጅ ሥጋ የሚቀበለው ጅብ ነው። ከጅቡ ቀጥሎ ግንቡ ይነሣል፤ ከግንቡም ቀጥሎ የሴቶቹ ደማቅ ልብስና የስፌት ሥራቸው ይወሳል። ቡናው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «የሐረር ቡና በዓለም የታወቀ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ዛሬ ለአንባቢ ለማሳየት የምፈልገው ይህን ሲታለፍ የኖረ ነገር ነው። ይኸውም ቡናው በራሱ አገር፥ በሐረር ከተማ፥ ለጠጪው እንዴት እንደሚቀርብ፤ የሚያፈላው ሰው ሥራ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፤ ደንበኛም በምን እንደሚያዝ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በየቀኑ ከኪሳችን የሚወጣ ገንዘብና በየቀኑ የምናየው ሰው እንጀራ ያለበት ስለ ሆነ ልናስብበት ይገባል።

ወደ ከተማው

ከአዲስ አበባ በመኪና የሚነሣ መንገደኛ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐረር ይደርሳል። በባቡር ወይም በአውሮፕላን የሚመጣ ግን ድሬዳዋ ይወርድና ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን ይወጣል። በሁለቱም በኩል የመጣ ሰው ሐረር ከመግባቱ በፊት በአወዳይ ማለፉ አይቀርም። አወዳይ ትልቅ የጫት ገበያ ነው። መኪናው እዚያ ዝግ ሲል ወደ ውጭ ይመልከቱ። በእስር በእስር ሆኖ የሚሸጠው አረንጓዴ ቅጠል፥ ቀድሞ ቡና ይበቅልበት ከነበረው መሬት ብዙውን የወሰደው ተክል ነው። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፤ ገንዘቡም እጅ በእጅ ይገኛል። ቡና ግን ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ያስጠብቃል፤ ከዚያም በኋላ የሚለቀመው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ገበሬው ወደ ጫቱ ቢያዘነብል የሚፈረድበት አይደለም። እኛ ግን የሐረርን ቡና ስንጠጣ እየጠበበ ከሚሄድ መሬት የመጣ መሆኑን እያወቅን ብንጠጣ መልካም ነው።

ከተማው ሲደርሱ በሐረር በር ይግቡ። ይህ በር በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው፤ የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው። ጁገል የተባለውን ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት ይነገራል። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 368 ጠባብ መንገዶች ተቆጥረዋል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅትም በ1998 ዓ.ም. ጁገልን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከሐረር በር ቀጥታ የሚወስደው መንገድ ፈረስ መጋላ ያደርሳል፤ መጋላ ማለት ገበያ ነው። ከዚያ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወርደው ቀጭን መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ሲሄዱ ከአንዱ ግድግዳ ጀርባ የሚቆላ ቡና ሽታ ድንገት ይመጣና መንገድዎን ያስቆምዎታል።

የሐረር ቡና እንደ ሌላው ታጥቦ የሚዘጋጅ አይደለም። ከነልጣጩ በፀሐይ ይደርቃል፤ ልጣጩ የሚወጣው በኋላ ነው። ፍሬው ሲደርቅ የልጣጩን ጣፋጭነት ወደ ውስጥ ስለሚስብ፥ ሲጠጣ የወይን ጠጅና የበሰለ ፍራፍሬ ጣዕም አለው ይባላል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር በገባ ጊዜ ቡናው በአውሮፓ ገበያ የታወቀ ስለ ነበር መግለጫ አያሻውም ብሎ ጽፏል። አሚሩም የቡናው አያያዝ ጥበብ እንዳይጠፋ ገበሬዎቹ ወደ ሌላ አገር እንዳይሄዱ መከልከላቸውን ጠቅሷል። በ1873 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ ግጥም መጻፉን ትቶ፥ በደመወዝ የተቀጠረ የንግድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሐረር መጣ፤ ሥራውም ቡናና ቆዳ መግዛት ነበር። በዓለም የታወቀው ባለ ቅኔ በሐረር ኑሮው እንደ እኔና እንደ እርስዎ የወሩን መጨረሻ የሚቆጥር ሠራተኛ ነበር ማለት ነው።

የአገሩ ሰው ራሱ ቡናን በብዙ መንገድ ይጠጣዋል። ከቡናው ቅጠል ቁጢ ይፈላል፤ ከገለባውም በወተት ሆጃ ይዘጋጃል። ፍሬው ወደ ውጭ ሲሸጥ ቅጠሉና ገለባው ለቤት ይቀር ስለ ነበር፥ ከዛፉ የሚጣል ነገር እንዳይኖር የተገኘ ብልሃት ይመስለኛል።

ሦስት ቃላት

ለሐረር አዲስ የሆነ ሰው ቶሎ የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ በሐረር አንቱ ማለት ብዙም የተለመደ አይደለም። ሽማግሌውም አለቃውም መምህሩም አንተ ይባላል። ከሸዋ ወይም ከጎጃም የመጣ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን የድፍረት ሳይሆን የቅርበት አነጋገር መሆኑን ይረዳል። በጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት ሴት፥ ከትምህርት ቤት ስወጣ አይታኝ፥ «አንተ መምህር! ዛሬ ፊትህ ጠቁሯል፤ ና ተቀመጥ አቦ» ትለኛለች። ይህን ያህል ከተባለ በኋላ ሌላ ቤት ሄዶ ቡና መጠጣት ክህደት ይመስላል። የምናገረው የደንበኛ አያያዝ ከዚህ ይጀምራል።

ደንበኛ የሚለው ቃል ከደንብ የወጣ ነው። ደንበኛ ሥራ፥ ደንበኛ ቤት ስንል ትክክለኛውን፥ ደንቡን የጠበቀውን ማለታችን ነው። አንድ ጊዜ ከፍሎ የሄደ ሰው ገዢ ይባላል። ደንበኛ የሚባለው ግን በእርሱና በሻጩ መካከል ያልተጻፈ ደንብ ያለ ሰው ነው። እርሱ ሌላ ዘንድ አይሄድም፤ እርሷም ክፉውን አትሰጠውም።

ሁለተኛው ቃል ምራቂ ነው። ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ሻጯ መዝና ከሰጠች በኋላ ገዢው «መርቂልኝ» ይላል፤ እርሷም አንድ እፍኝ ትጨምራለች። መረቀ ማለት ባረከ ማለትም ጨመረ ማለትም ነው። አባቶቻችን ለተጨማሪው እፍኝ ያወጡለት ስም ከበረከት ጋር አንድ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ሦስተኛው ቃል በረካ ነው። በጀበና የሚፈላ ቡና ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ አቦል፥ ቶና፥ በረካ ይባላል። በረካ በዐረብኛ በረከት ማለት ነው። በሐረር ገበያ ቃሉ ሳይተረጎም ሁሉም ይረዳዋል። አቦልን ጠጥቶ የሮጠ ሰው ቡና ጠጥቷል፤ እስከ በረካ የቆየ ግን ተመርቆ ሄዷል።

አሁን የጀበናውን አሠራር እንመልከት፤ ምስጢሩ ያለው እዚያ ነው። ሴትየዋ ቡናውን አጥባ በብረት ምጣድ ትቆላለች፤ ትወቅጣለች፤ በጀበና ታፈላለች። አቦል ሲያልቅ አዲስ ቡና አትጨምርም፤ በዚያው አተላ ላይ ውሃ ጨምራ እንደገና ታፈላለች። ስለዚህ በረካው ለእርሷ የሚያስወጣት ውሃ፥ ጥቂት ከሰልና ጊዜ ብቻ ነው። ደንበኛዋን የምትመርቀው ብዙ ሳትከስር ነው። ለደንበኛው ደግሞ በረካው ከአንድ ስኒ ቀጭን ቡና የበለጠ ነው፤ ጨዋታውና የሠፈሩ ወሬ የሚደራው በዚያን ጊዜ ነው። ልጁ የታመመበት፥ ቤት የሚፈልግ፥ ሥራ የፈታ ሰው ጉዳዩ የሚሰማለት በዚያች በቀጠነችው ስኒ ላይ ነው።

ከዚህም በቀር ደብተሩ አለ። የወር ደመወዝተኛ ከ20ኛው ቀን በኋላ ኪሱ እንደሚሳሳ የታወቀ ነው። ሴትየዋ በትንሽ ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ደመወዝ ሲወጣ ይከፈላታል። ዱቤ ለማያውቁት ሰው አይሰጥም። ስለዚህ በዚያች ደብተር ስሙ የተጻፈ ሰው በከተማው የታመነ ሰው ነው። ይህን የምጽፈው በተለይ ለወጣት ሠራተኞች ነው። ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሮ ሂሳቡን ሳይከፍል የሚሄድ ሰው ጥቂት ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን አዲስ ሠራተኛ እምነት ሰርቆ ነው የሄደው።

ማሽኑና ባለሙያው

ከግንቡ ወደ ውጭ ወጥተው በአዲሱ ከተማ በኩል ሲሄዱ ሌላ ዓይነት ቡና ያገኛሉ። ይህ በማሽን የሚወጣው ነው። የሚላኑ ሰው ሉዊጂ ቤዜራ እ.ኤ.አ. በ1901 የፈጠራ መብት ያወጣበት አሠራር ነበር። አኪሌ ጋጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ አሻሽሎ፥ ዛሬ ከቡናው ላይ የምናየውን ቡናማ አረፋ አስገኘ። የጣሊያን ቡና አወጣጥ ወደ ከተሞቻችን የገባው ከጣሊያኖች ጋር ነው፤ እነርሱ ሲሄዱ ማኪያቶ ቀረ። ቃሉ በጣሊያንኛ ጠብታ የነካው፥ ነጠብጣብ ያለበት ማለት ነው። እኛ ግን ነጣ ያለ፥ ጠቆር ያለ እያልን የራሳችን አድርገነዋል፤ ሻይና ቡና ደራርበንም ስፕሪስ ብለነዋል።

በማሽን ላይ የሚሠራው ሰው ዛሬ ባሪስታ ይባላል፤ ይህም ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። ብዙ ሰው ሥራውን እጀታ መሳብና መመለስ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔም በማታው ትምህርት ተማሪዬ የሆነች አንዲት ልጅ እስክታስረዳኝ ድረስ ዝርዝሩን አላውቅም ነበር። ለአንድ ስኒ 7 ግራም ያህል ቡና ይለካል። ውሃው በ9 ባር ግፊት፥ ማለትም ከአየሩ ግፊት ዘጠኝ እጥፍ በሚሆን ኃይል ይገፋል። ቡናው ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ መውረድ አለበት። ቢፈጥን ውሃ ውሃ ይላል፤ ቢዘገይ ይመርራል። አየሩ ሲረጥብ የተፈጨው ቡና ጠባይ ስለሚለወጥ የወፍጮውን መጠን በቀን ውስጥ ደጋግሞ ማስተካከል ያስፈልጋል። ወተቱ ደግሞ 65 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መቆም አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ጣፋጭነቱ ይጠፋል። እርሷ ግን የሙቀት መለኪያ አልነበራትም። በመዳፏና በጆሮዋ ታውቀዋለች፤ ወተቱ ሊደርስ ሲል ድምፁ ይወፍራል ብላ ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ከንጋት ጀምሮ ቆማ ትሠራለች፤ ማታ ደግሞ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ትመጣለች።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ሌላ ጥበብ ነበራት። የእያንዳንዱን ሰው አወሳሰድ በቃሏ ይዛ ነበር። ሰውየው ከደጅ ሲገባ ታየዋለች፤ እስኪቀመጥ ድረስ ጠቆር ያለው ማኪያቶው ተጀምሯል። የዕረፍቱ ጊዜ 15 ደቂቃ ብቻ ለሆነ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእርሱ የጀበናው በረካ ቅንጦት ነው፤ አቦሉን እንኳ ጠብቆ ለመጠጣት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ማሽኑን የምነቅፍ አይምሰልዎ፤ ለየራሱ ጊዜ የየራሱ ቡና አለው።

ካርዱ

የማሽኑ ቡና አንድ ችግር አለበት፤ በረካ የለውም። አንድ ጊዜ ቡናው ከወረደ አተላው ይጣላል፤ ለሁለተኛ ስኒ አዲስ 7 ግራም ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለቤቱ ደንበኛውን ለመመረቅ ቢፈልግ ከኪሱ ማውጣት አለበት። ካርዱ የተፈለሰፈው ለዚህ ነው። ልጅቷ የምትሠራበት ቤት አሥር ክብ የታተመበት ትንሽ ካርድ ለደንበኞች አደለ። በጠጡ ቁጥር አንድ ክብ ማኅተም ይመታበታል፤ ዘጠኝ የጠጣ ሰው አሥረኛውን በነጻ ይጠጣል። ሂሳቡ ቀላል ነው። አሥር ስኒ በዘጠኝ ዋጋ ማለት ከመቶ አሥር ቅናሽ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ካርዱን ይጥለዋል ወይም ሳይሞላው ይተወዋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ በእውነት የሚቀንሰው ከዚያ ያነሰ ነው።

ይህ ዘዴ በዓለም አዲስ አይደለም። በአሜሪካ አርበክል የተባሉ ወንድማማች ነጋዴዎች በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የተቆላ ቡና በወረቀት ከረጢት አሽገው ሲሸጡ፥ በየከረጢቱ አንድ የናና ከረሜላ ይጨምሩ ነበር። ከከረጢቱም ላይ የሚቆረጥ ምልክት ነበረ፤ ያን ያጠራቀመ ሰው ልዩ ልዩ ዕቃ ይቀበልበት ነበር። ዛሬ ደግሞ ስታርባክስ የተባለው ትልቁ የቡና ድርጅት በስልክ ውስጥ ኮከብ እየቆጠረ ለሚሊዮኖች ደንበኞቹ ይመርቃል። ከረሜላውም ኮከቡም የእኛዋ የገበያ ሴት እፍኝ ዘመዶች ናቸው። ልዩነቱ እፍኙን የምትሰጠው ሴት ፊትዎን እያየች መስጠቷ ነው።

የካርዱ ነገር እንዴት እንደ ሆነ ልንገርዎ። በመጀመሪያው ወር ቤቱ ሞላ። ልጅቷም ሥራው ስለ በዛባት ደመወዟ ጥቂት እንዲጨመርላት ለባለቤቱ አመለከተች። የተሰጣት መልስ «ሰዉን የሚያመጣው ካርዱ ነው» የሚል ነበር። እርሷም ብዙ አልተከራከረችም፤ ድሬዳዋ የተሻለ ክፍያ አግኝታ ሄደች። ትምህርቷንም እዚያ ቀጥላለች። በእርሷ ቦታ የገባው ልጅ ትጉህ ነበር፤ ግን ማንንም አያውቅም። ጠቆር ያለ የጠየቀ ሰው ነጣ ያለ መጣለት፤ ነጣ ያለ የጠየቀው ደግሞ የተቃጠለ ወተት ጠጣ። ከዚያ በኋላ ሰዉ አንድ በአንድ ቀረ። በኪሳችን የቀሩት ካርዶች ስድስት ሰባት ማኅተም የተመታባቸው ነበሩ፤ ሦስት ስኒ ጠጥቶ የነጻውን ለመቀበል እንኳ የተመለሰ ጥቂት ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል የተባለው እውነት ሆነ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ይመስለኛል። ካርዱ ጥፋት አልነበረውም፤ ጥሩ ቡናን በሚያውቅ እጅ የሚያገኝ ሰው ቅናሽ ቢጨመርለት ደስ ይለዋል። ስሕተቱ ካርዱ በሰው ፋንታ ይሠራል ብሎ ማሰብ ላይ ነበር። ሰው ወደ አንድ ቤት የሚመላለሰው እዚያ ስለሚታወቅ ነው። የሚያውቀው ደግሞ ወረቀቱ ሳይሆን ከማሽኑ ወይም ከጀበናው ኋላ የቆመው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ደንበኛውን ለመያዝ የሚፈልግ ባለቤት አስቀድሞ ሠራተኛውን ይያዝ።

የስሙ ባለቤት

ይህ ምክር ከአንድ ካፌ አልፎ ለከተማው ስምም ይሠራል። ሐረር የሚለው ስም በውጭ አገር ዘንድ ደንበኛ ያለው ስም ነው። በ1997 ዓ.ም. መንግሥታችን ሐረር፥ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም ከመንግሥታችን ጋር ክርክር ገጠመ። ጉዳዩ በዓለም ጋዜጦች ብዙ ከተጻፈበትና ኦክስፋም የተባለው የርዳታ ድርጅት ለኢትዮጵያ ገበሬዎች ከተሟገተ በኋላ፥ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ስምምነት ተፈራረሙ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ገበያው ላይ ካየነው የተለየ አልነበረም። ጠጪው የሚመለሰው ለስሙ ከሆነ፥ ስሙን ያስገኘው ገበሬ ከትርፉ ድርሻ ይኑረው የሚል ነው። አለዚያ ገበሬውም እንደዚያች ልጅ የተሻለ ወደሚከፍለው ይሄዳል። ለእርሱ ድሬዳዋው ጫቱ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ዕረፍት አግኝተው ወይም በሥራ ተልከው ሐረር ሲመጡ ጅቡንም ግንቡንም ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ ግን በፈረስ መጋላ አካባቢ አንድ ጀበና አጠገብ ይቀመጡ፤ አቦሉን ጠጥተው አይነሡ፤ በረካው እስኪመጣ ይቆዩ። አንተ ወይም አንቺ ብትልዎ አይቀየሙ። ጠዋት ለሥራ ሲጣደፉ ደግሞ በማሽን የሚሠራውን ልጅ ስሙን ይጠይቁት፤ ጉርሻም ካለዎት በእጁ ይስጡት። በዱቤ ጠጥተው ከሆነ ከመሄድዎ በፊት ደብተሩ ላይ ያለውን ስምዎን ያሰርዙ። ካርድ ቢሰጥዎት ይቀበሉ፤ ሲሞላም በነጻ ይጠጡ፤ መብትዎ ነው። ነገር ግን ደንበኛ የሚለውን ስም ያገኙት ካርዱ የሞላ ዕለት አይደለም። ከደጅ ሲገቡ ሳይናገሩ የሚወዱት ቡና የተጀመረልዎ ዕለት ነው።